ከገመዱ ውጭ፦ የሳልቫዶር ካርኒቫል

(በአንድ የባህል ምሽት ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ብራዚል ካርኒቫል ነው፤ ስለ ሪዮ ደ ጃኔሮው ግን አይደለም። የሪዮውን በቴሌቪዥን አይታችሁታል። ላባ የለበሱ ጨፋሪዎች፣ እንደ ቤት የገዘፉ ያጌጡ ተሽከርካሪዎች፣ ትኬት ቆርጦ የተቀመጠ ተመልካች፣ ነጥብ የሚሰጡ ዳኞች። እኔ የማወራላችሁ ከዚያ በስተሰሜን፣ በባሂያ ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ስላለችው ስለ ሳልቫዶር ከተማ ነው። በሳልቫዶር መድረኩ በጭነት መኪና ላይ ተሠርቶ በሕዝቡ መካከል ያልፋል። ዳኛ የለም። ተመልካችና ጨፋሪ የሚባል ልዩነትም የለም፣ በእነዚያ ቀናት ሀብታምና ድሃ፣ ጥቁርና ነጭ እኩል ነው ይባላል። ይህን አባባል ከመሄዴ በፊት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ እዚያም ስደርስ ሆቴል ውስጥም ታክሲ ውስጥም ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን በካርኒቫሉ መካከል አንድ ገመድ አለ። ስለ ደስታው ብቻ ተናግሬ ስለ ገመዱ ዝም ብል ካየሁት ግማሹን እንደ ደበቅሁ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ከተማዋን ላስተዋውቃችሁ። (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ስጠራ እናገራለሁ።) ሳልቫዶርን ፖርቱጋሎች የቆረቆሯት በ1549 ሲሆን እስከ 1763 ድረስ የብራዚል ዋና ከተማ ነበረች። አንዱ ሰፈር ከገደል በላይ፣ ሌላው ከገደሉ በታች በወደቡ ዳር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ላሴርዳ የሚባለው አሳንሰር በ1873 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ሰው ያመላልሳል፤ ቁመቱ 72 ሜትር ነው። ከላይ ሆናችሁ ስትመለከቱ ባሕረ ሰላጤው እንደ ሐይቅ ተዘርግቶ ይታያል፤ ውበቱ ልብ ይሰርቃል። ያ ውብ ባሕር ግን ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ሰው በሰንሰለት ታስሮ የሚራገፍበት በር ነበር። ወደ ብራዚል ለባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ወደ አምስት ሚሊዮን ይጠጋሉ። በአሜሪካ አህጉራት ይህን ያህል የወሰደ ሌላ አገር የለም፤ ባርነትንም በሕግ ያስቀረችው ከሁሉም ዘግይታ በ1888 ነው። በ2022 ቆጠራ 2.4 ሚሊዮን ከሚሆነው የሳልቫዶር ነዋሪ መካከል ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆነው ራሱን ጥቁር ወይም ክልስ ብሎ አስመዝግቧል። የምናገረው በዓል የእነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። ይህን ካልያዝን ሙዚቃው ጩኸት ብቻ ይሆንብናል።

ካርኒቫሉ ራሱ ስድስት ቀን ነው፤ ወቅቱ የሚጀምረው ግን ከዲሴምበር ነው። ዲሴምበር 4 የቅድስት ባርባራ ቀን ስለሆነ ሕዝቡ ቀይ ለብሶ ይወጣል። በጃንዋሪ ወር ደግሞ በአንድ ሐሙስ ከተማው በሙሉ ነጭ ይለብስና ከታችኛው ከተማ ተነሥቶ ቦንፊም ኮረብታ ላይ እስካለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይጓዛል። ከፊት የሚሄዱት ባያና የሚባሉት ሴቶች ናቸው፤ ሰፊ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ የራስ ጥምጥም፣ በአንገታቸው ዶቃ፣ በራሳቸው ላይ አበባና ሽቶ የተጨመረበት ውኃ የያዘ ማሰሮ። ሲደርሱ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ በዚያ ውኃ ያጥባሉ።

ለምን ደረጃውን ብቻ? የድሮው ልማድ ውስጡንም ማጠብ ነበር። ባሮቹና ልጆቻቸው የአፍሪካን እምነት በግልጽ መያዝ ስለማይፈቀድላቸው ኦሪሻ የሚሏቸውን መናፍስት ከካቶሊክ ቅዱሳን ጋር አዛመዷቸው፤ የቦንፊሙን ጌታ ሲያከብሩ ነጭ የሚለበስለትን ኦሻላንም አብረው ያከብራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የካቶሊክ ቤተ ክህነት ይህን አይቶ የውስጡን እጥበት ከለከለ። በሩ ተዘጋባቸው። ሴቶቹ ግን አልተመለሱም፤ ደረጃውን ማጠብ ቀጠሉ፤ ዛሬ ከመላው ብራዚል ሰው የሚመጣው ያንን ለማየት ነው። ካንዶምብሌ የሚባለው ይህ እምነት የእኔ እምነት አይደለም፤ በኦርቶዶክስ ቤት ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ሰው በደጅ ቆሞ ደጁን እንዲህ ማክበሩን ሳይ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ቆምሁ። ከበር መከልከል፣ ከዚያ ደጁን የበዓሉ ዋና ቦታ ማድረግ፤ የሳልቫዶርን ካርኒቫል የምረዳው በዚህ ነው። በኋላ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ፌብሩዋሪ 2 ደግሞ የባሕር እናት ለሚሏት ለኢየማንጃ አበባ፣ ሽቶ፣ መስተዋትና ማበጠሪያ በጀልባ ወደ ውቅያኖስ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ነው ካርኒቫሉ የሚቃረበው። ዘመኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛ ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቅበላ እንደምንይዘው እነሱም የካቶሊኩ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ሳምንት ነው የሚይዙት። ሐሙስ ይከፈታል፣ የከተማው ቁልፍ ለካርኒቫሉ ንጉሥ ለሞሞ ይሰጣል፣ እስከ ማክሰኞ ሌሊት ይዘለቃል። ረቡዕ ጾም ነው፤ በሳልቫዶር ግን ረቡዕ ጠዋትም የማይበተን ሕዝብ አለ።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። በ1950 ዶዶና ኦስማር የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ የራዲዮ ባለሙያ፣ አንዱ የብረታ ብረት ሠራተኛ፤ ሁለቱም ሙዚቃ ወዳጆች። በራሳቸው እጅ የኤሌክትሪክ ክራር የሚመስል ባለ ገመድ መሣሪያ ሠርተው ነበር። በዚያ ዓመት ከሬሲፌ ከተማ የመጣ የነሐስ ማርሽ ቡድን በሳልቫዶር አልፎ ሕዝቡን ሲያሳብድ አዩ። ወዲያው አንዲት የ1929 ፎርድ መኪና አስጊጠው፣ ድምፅ ማጉያ ጭነው፣ ራሳቸው ላይዋ ወጥተው እየተጫወቱ በካርኒቫሉ ጎዳና ገቡ። ሕዝቡ ተከተላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ትሪዮ ኤሌትሪኮ የሚለው ስም ወጣ፤ ዛሬ በመኪናው ላይ ሃያ ሰው ቢኖርም ስሙ ያው ነው። ከሁለቱ ሰዎች ታሪክ የምወደው ነገር ማንም ምንም አለመክፈሉ ነው። መኪናዋ ትሄዳለች፣ የወደደ ይከተላታል።

ዛሬ ትሪዮ የሚባለው ረጅም የጭነት መኪና ነው፤ ጎንና ጎኑ ከላይ እስከ ታች ድምፅ ማጉያ፣ ጣሪያው ላይ ሙሉ ባንድና ዘፋኝ። ከሰው እርምጃ ያነሰ ይሄዳል። በባሃ ሰፈር ከሚገኘው የመብራት ማማ እስከ ኦንዲና ሰፈር ያለውን 4 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዳር መንገድ ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሲቀርባችሁ ድምፁ ከጆሮ በፊት ደረት ውስጥ ይገባል። ሰዉ በአንድ ጊዜ ይዘላል፣ አስፋልቱ ከእግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ላቡን አያደርቀውም። ፌብሩዋሪ እዚያ በጋ ነው፤ ሌሊቱም ይሞቃል። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላየሁም። አንዲት አሮጊት ሴት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሰው መካከል ሲጨፍሩ አይቻለሁ። ማንም አልገፋቸውም።

ገመዱ ያለው እዚህ ነው። በመኪናው ዙሪያ፣ ከፊቱም ከኋላውም ሰፊ ቦታ አጥሮ የሚሄድ ወፍራም ገመድ አለ። በገመዱ ውስጥ የሚገባው አባዳ የሚባለውን፣ መኪናውን ያወጣውን የካርኒቫል ቡድን ቲሸርት የገዛ ነው። የታዋቂ ዘፋኝ ከሆነ የአንድ ቀን አባዳ ብዙ ሠራተኛ በወር ሊቆጥበው የማይችለው ገንዘብ ነው። ያልገዛው በገመዱና በግንቡ መካከል በቀረችው ቀጭን ቦታ ይታጨቃል፤ ይህን ሕዝብ ፈንዲሻ ይሉታል፣ በጋለ ምጣድ ላይ እንዳለ ስለሚዘል። ከመንገዱ በላይ ደግሞ ካማሮቺ የሚባሉ የተከለሉ ሰገነቶች አሉ፤ ምግብና መጠጥ ቀርቦላቸው፣ አየር ማቀዝቀዣ ተከፍቶላቸው ከላይ የሚመለከቱ አሉ። ሦስት ዓይነት ካርኒቫል በአንድ ጎዳና።

ገመዱን የሚይዙት ሰዎች ኮርዴይሮ ይባላሉ። ለአንድ ትልቅ ቡድን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ወንድም ሴትም፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ከከተማዋ ድሃ መንደሮች የመጡ። ጓንት ይሰጣቸዋል፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ውኃና ቀለል ያለ ምግብ ይሰጣቸዋል። ለሰዓታት ገመዱን በእጃቸው ይዘው፣ ከውስጥም ከውጭም ሕዝቡ እየገፋቸው ይሄዳሉ። የቀን ክፍያቸው ከአንድ አባዳ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል። ከአንዲት ገመድ ያዥ እናት ጋር በጓደኛዬ አስተርጓሚነት ተነጋገርሁ። በሌላው ወር የሰው ቤት ታጸዳለች፤ በካርኒቫል ሳምንት የምታገኘው ለልጆቿ የትምህርት ቤት ደብተርና ጫማ እንደሚሆናት ነገረችኝ። ዘፋኙን አይታው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባዋ ወደ መኪናው እንደሆነ፣ ስለዚህ ዓይታው እንደማታውቅ መለሰችልኝ። ምሬት አልነበረባትም። ምሬቱ የእኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ጎዳናውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። በረዶ የሞላ ነጭ የፎም ሣጥን ይዘው ቢራና ውኃ የሚሸጡ ሴቶች፣ ቦታቸው እንዳይወሰድባቸው ሳምንቱን ሙሉ እግረኛ መንገድ ላይ ከልጆቻቸው ጋር ያድራሉ። ከእግራችን ሥር ጎንበስ እያሉ ባዶ የመጠጥ ጣሳ በከረጢት የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ጎዳናው በጣሳ ይሸፈን ነበር። አካራጄ የሚሸጡት ባያናዎችም አሉ፤ አካራጄ የተፈጨ ባቄላ መሰል እህል ተመትቶ በቀይ የፓልም ዘይት የሚጠበስ፣ ተሰንጥቆ ሽሪምፕና በርበሬ የሚጨመርበት ምግብ ነው። የብራዚል መንግሥት የአካራጄ ሴቶችን ሙያ በ2005 የአገር ባህላዊ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ይገባቸዋልም። በባርነት ዘመን ሴቶች ይህን በጎዳና እየሸጡ ያጠራቀሙት ገንዘብ የራስንና የልጅን ነፃነት መግዣ ነበር።

አሁን ከገመዱ ውጭ የቆዩት ሰዎች ራሳቸው ስለፈጠሩት ካርኒቫል ልናገር፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

በ1949 የሳልቫዶር ወደብ የጉልበት ሠራተኞች፣ መርከብ የሚያራግፉት፣ የራሳቸውን የካርኒቫል ቡድን መሠረቱ። ጋንዲ ከተገደለ አንድ ዓመት ማለፉ ነበር፤ ቡድናቸውን «የጋንዲ ልጆች» አሉት። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ሰማያዊና ነጭ ዶቃ። ሠራተኛ ሲሰበሰብ ፖሊስ በሚጠራጠርበት ጊዜ ወደብ ተሸካሚዎች በሰላም ሰው ስም ወጡ። የሚጫወቱት ከካንዶምብሌ ቤት የመጣውን ዝግ ያለ ምት ነው። በሰኞ ቀን ያ ሁሉ የመኪና ጩኸት ካለፈ በኋላ ሺህ በሺህ የሚሆኑ ነጭ ለባሽ ወንዶች የሽቶ ውኃ እየረጩ፣ በዝግታ ሲመጡ ካያችሁ፣ ጎዳናው ትንፋሹን የሚመልስ ይመስላችኋል። ቡድኑ በ1970ዎቹ ሊፈርስ ሲቃረብ ከስደት የተመለሰው ዘፋኝ ጂልቤርቶ ጂል አባል ሆኖ ገብቶ እንዲያንሠራራ ረዳው፤ ያ ሰው በኋላ የብራዚል የባህል ሚኒስትር ሆኗል።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ኢሌ አዬ የሚባለው ቡድን ነው። በ1974 ሊበርዳጂ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ኩሩዙ በሚባል ዳገት ላይ፣ አንቶኒዮ ካርሎስ ዶስ ሳንቶስ፣ በቅጽል ስሙ ቮቮ፣ እና አፖሎኒዮ ደ ጄዙስ የሚባሉ ወጣቶች አንድ ነገር አሰቡ። ብራዚል በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ አገዛዙም በአገሩ የዘር ልዩነት የለም ይል ነበር። ልዩነት የለም በሚባልባት ከተማ ግን ትልልቆቹ የካርኒቫል ቡድኖች ጥቁር አያስገቡም ነበር፤ በገመዱ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ጥቁር ከበሮ መቺ ወይም ገመድ ያዥ ሆኖ ነው። እነዚህ ወጣቶች ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን መሠረቱና በ1975 ወደ መቶ የሚጠጉ ሆነው ወጡ። አፍሪካ ቆንጆ ናት፣ ጥቁር ፀጉር ቆንጆ ነው እያሉ ዘፈኑ። በማግሥቱ የከተማዋ ትልቅ ጋዜጣ ዘረኞች ናቸው ብሎ ጻፈባቸው። ለብዙ ዘመን ጥቁር ላላስገቡት ያልተጻፈው ቃል ለእነሱ ተጻፈ። እነሱ ግን በሚቀጥለው ዓመትም ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ኢሌ አዬ ሳይወጣ የቀረበት ካርኒቫል እምብዛም ነው።

የካርኒቫል ቅዳሜ ማታ ወደ ኩሩዙ ወጣሁ። ዳገቱ በሰው ተሞልቷል፤ ቱሪስት ጥቂት ነው። በየበሩ ወንበር ወጥቷል፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ሴቶች ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ያለበትን የዓመቱን ጨርቅ ለብሰው አንዷ የሌላዋን ጥምጥም ታስራለች። የቮቮ እናት፣ ማይ ሂልዳ የሚሏቸው፣ የካንዶምብሌ ቤት እናት ነበሩ፤ በ2009 እስኪሞቱ ድረስ ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት እሳቸው ይመርቁት ነበር። አሁን ልጃቸው ትመርቃለች። በበሩ ላይ ቆማ ፈንዲሻ በሕዝቡ ላይ ትበትናለች፤ ነጫጭ ርግቦች ይለቀቃሉ። ሰዉ ዝም ይላል። ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ሲል ያስፈራል። ከዚያ ከበሮው ይነሣል፤ በአንድ ጊዜ፣ ከመቶ ባላነሰ እጅ። በዙሪያዬ ያሉ ሰዎች ያለቅሳሉ፤ እኔም እንባዬን አልገታሁትም። ከፊት በዓመቱ የተመረጠችው ንግሥት እጆቿን እንደ ክንፍ እየከፈተች ትጨፍራለች። የምትመረጠው በቁመቷና በወገቧ ልክ አይደለም፤ በጭፈራዋ፣ በአለባበሷ፣ ራሷን በምትይዝበት ክብር ነው። የከተማው የውበት ውድድር ጥቁር ሴት ሳያይ በሚያልፍበት ዘመን የጀመሩት ነው።

ይህ ቡድን ከካርኒቫል ውጭም ይሠራል። በማይ ሂልዳ ቤት ለሰፈሩ ልጆች የተጀመረ ትምህርት ቤት አለው፤ ከፊደል ጋር የአፍሪካን ታሪክ ያስተምራሉ። በየዓመቱ አንድ የአፍሪካ አገር ወይም የጥቁሮች ታሪክ ይመርጡና ዘፈን ይጻፍለታል፣ ጨርቅ ይታተምለታል። መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ በማይችል ሰፈር ውስጥ የአፍሪካ ታሪክ በዘፈን ተማሩ። እኔ ይህን ከብዙ ዩኒቨርሲቲ ሥራ አሳንሼ አላየውም።

ኢሌ አዬ በር ከከፈተ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። በ1979 ማሌ ደባሌ ተመሠረተ፤ ስሙን የወሰደው በ1835 በረመዳን ወር በሳልቫዶር ካመፁት ሙስሊም አፍሪካውያን ነው። በዚያው በ1979 በፔሎሪኞ ኦሎዱም ተመሠረተ። ፔሎሪኞ በቀለም ያበደ ጥንታዊ ሰፈር ነው፤ በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ስሙ ግን ባሪያ ከሚገረፍበት ምሰሶ የመጣ ነው። ኦሎዱም ሲጀመር ሰፈሩ የፈራረሰ፣ ፖሊስ የሚያሳድደው፣ ሌላው ነዋሪ የሚሸሸው ነበር። ኔጊኞ ዶ ሳምባ የሚባል ከበሮ መሪ ሳምባን ከሬጌ ጋር አዋህዶ አዲስ ምት ፈጠረ። ከዚያ ዓለም መጣ፤ አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሳይመን በ1990 ባወጣው አልበም ከበሮአቸውን አስገባ፤ ማይክል ጃክሰን በ1996 በዚያው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ከእነሱ ጋር ቪዲዮ ቀረጸ። ኔጊኞ ዶ ሳምባ በ1993 ደግሞ ዲዳ የሚባል የሴቶች የከበሮ ቡድን መሠረተ፤ ትልቁ ከበሮ ለሴት ይከብዳል ይባል ነበርና። ከባዱን ከበሮ በወገባቸው አስረው ዳገት ሲወጡ ላየ ሰው ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ስለ ፔሎሪኞ አንድ የሚያሳዝን ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ የግዛቱ መንግሥት ሰፈሩን አደሰው፤ ግንቦቹ ተቀቡ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ተከፈተ። የኖሩበት ድሆች ግን አነስተኛ ካሳ ተሰጥቷቸው አብዛኞቹ ወጡ። ሰፈሩን ታዋቂ ያደረገው የእነሱ ከበሮ ነበር።

አሁን ወደ እኛ የሚነካው ነገር ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይመስለኛል። የሳልቫዶር ጥቁሮች አባቶች የመጡት ከምዕራብ አፍሪካና ከአንጎላ ወገን ነው፤ ከእኛ አገር አይደለም። ሆኖም ኢትዮጵያ እዚያ ትገኛለች። ጥንት ጀምሮ። የጥቁሮች የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት በብራዚል ካከበሯቸው ቅዱሳን አንዱ ኤሌስባኦ ነው፤ ይህም የእኛው የአክሱም ንጉሥ አፄ ካሌብ ነው። በሪዮ ደ ጃኔሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጥቁሮች ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በእሱና ከኢትዮጵያ ናት በሚሏት በቅድስት ኢፊጄኒያ ስም ይጠራል። ባርነት ካበቃ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1890ዎቹ፣ የሳልቫዶር ጥቁሮች የአፍሪካን ነገሥታት የሚያሳዩ የካርኒቫል ክበባት መሥርተው ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ሐኪምና ተመራማሪ ኒና ሮድሪጌስ ገጸ ባሕርያቱን የሚወስዱት ከግብፃውያንና ከሐበሾች እንደነበረ ጽፏል። ዘመኑ የአድዋ ዘመን መሆኑን እናስተውል። እነዚያን ክበባት የከተማዋ ፖሊስ በ1905 ከልክሏቸዋል፤ አፍሪካ በካርኒቫል እንዳትታይ ተብሎ። ኢሌ አዬ እስኪመጣ ድረስ ስንት ትውልድ እንዳለፈ ገምቱት።

ከዚያ በኋላ ነው ኦሎዱም በ1988 ኑቢያ፣ አክሱምና ኢትዮጵያ የሚሉትን ሦስት ስሞች ርዕሱ ያደረገ አልበም ያወጣው። የቡድኑ ቀለማት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ሙዜንዛ የሚባለው ሌላው ቡድን ደግሞ በ1981 በሬጌ መንፈስ የተመሠረተ ነው። በፔሎሪኞ ከወዴት እንደመጣሁ ስናገር ሰዎች እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አክሱምን፣ ላሊበላን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴን ጠሩልኝ። እኛ ብራዚልን የምናውቃት በእግር ኳስ ነው፤ ትልልቆቻችን ደግሞ በታኅሣሥ 1953 በእኛ አቆጣጠር የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት የነበሩባት አገር መሆኗን ያስታውሳሉ። ስለ ኩሩዙ ዳገት፣ ስለ ወደቡ ሠራተኞች፣ በ1835 ስላመፁት ሰዎች ግን በትምህርት ቤቶቻችን የሰማ አለ? እነሱ ስማችንን በከበሮ ሲመቱ እኛ ስማቸውን አናውቅም። ይህ ዕዳ ሆኖ ይሰማኛል፤ ዛሬም የመጣሁት ጥቂቷን ለመክፈል ነው።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ገመዱ የዛሬ ሁኔታ ልናገር፤ ነገሩ እንዳለ አይደለምና። በቅርብ ዓመታት ብዙ ታዋቂ ዘፋኞች ያለ ገመድ መውጣት ጀምረዋል፤ ክፍያቸውን መንግሥት ወይም ድርጅቶች ይሸፍናሉ። የገመድ ያዦችም ማኅበር አላቸው፤ የሥራ ሁኔታቸው እንዲሻሻል ይከራከራሉ። አንዳንዶች ገመዱ ራሱ እየሞተ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል፤ ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ሀብታሙ ከገመዱ ወጥቶ ወደ ሰገነቱ ከወጣ መለያየቱ ከመሬት ወደ አየር ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ሁለተኛ፣ ገመዱ ሲቀር ገመድ ያዥዋ እናት ያቺን ደብተርና ጫማ ከየት ታመጣለች? ገመዱን የሚያወግዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲመልሱ እምብዛም አልሰማሁም። እንደ ኢሌ አዬ ያሉት የጥቁሮች ቡድኖችም ቢሆኑ ከበሮአቸው ከተማዋን አበልጽጎ ሳለ በየዓመቱ ለመውጫ ገንዘብ ደጅ ይጠናሉ፤ ብዙ ጊዜም ቴሌቪዥን ካሜራውን ካጠፋ በኋላ፣ በሌሊት ነው ተራ የሚደርሳቸው።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ ይበራል፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ሳልቫዶር ትደርሳላችሁ። ማረፊያ ከወራት በፊት ያዙ። አባዳ አትግዙ። በባሃ አንድ ምሽት ከሕዝቡ ጋር ቆማችሁ መኪኖቹን እዩ፣ ስልካችሁንና ገንዘባችሁን ግን በልብሳችሁ ውስጥ አስሩ። ውኃችሁን ሣጥን ይዘው ከሚያድሩት ሴቶች ግዙ፤ ዋጋ አትከራከሩ። ቅዳሜ ማታ ወደ ኩሩዙ ውጡ፣ ቀደም ብላችሁ፣ ምክንያቱም ዳገቱ ከሞላ በኋላ መግቢያ የለም። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ የምታዩት የሰዎች ጸሎት ነው። ለእሑድ ወይም ለሰኞ «የጋንዲ ልጆችን» ጠብቁ። ከየት ነህ፣ ከየት ነሽ ሲሏችሁ ኢትዮጵያ በሉና ጊዜ ስጧቸው፤ የሚጠይቋችሁ ብዙ ነገር አላቸው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።